ሦስት ሬጉሌተር የበላው ሞተር ሳይክል

ጋሽ ጆሮ የሞተር ሳይክሉን ኮርቻ ገና ከማንሳቱ የኮመጠጠ ሽታ አፍንጫውን መታው። ባትሪው እንደገና ፈልቷል። ጎንና ጎኑ እንደተነፋ ጉንጭ አብጧል፤ በክዳኑ ዙሪያ ነጭ አረፋ ደርቆበታል። ኮርቻውን በአንድ እጁ እንደያዘ ቀረ። መልሶ እንዳይከድነው አይቶታል፤ አላየሁም እንዳይል ሽታው አለ።

አዋላጇ ሄልሜቷን በብብቷ ይዛ የጋራዡ በር ላይ ቆማለች። የመጨረሻውን ሁለት ኪሎ ሜትር ሞተሩን የገፋችው ራሷ ናት። ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አቧራ ለብሷል።

«ያው ነው?» አለች።

«ያው ነው፣ ሲስተር።»

«ያው የሚሉት ነገር ስም የለውም እንዴ? እኔ ታካሚዬን ‹ያው ነሽ› ብዬ ብመልሳት ባሏ በዱላ ነው የሚሸኘኝ።»

ጋሽ ጆሮ ሊስቅ አስቦ ሳቁ መሀል ላይ ቀረበት። ስም ቢኖረው ኖሮማ ነግሯት አርፎ ነበር። ይህ ሞተር ሳይክል እሱ እጅ ላይ በአንድ ወር ውስጥ ሲመጣ ሦስተኛ ጊዜው ነው። መጀመሪያ የመጣው ጠዋት ጠዋት አልነሳ እያለ፣ መብራቱም እንደ ሻማ እየደከመ ነበር። ያኔ ነገሩ ግልጽ ነበር፦ ባትሪው ኃይል አይደርሰውም። ከዲናሞው የሚመጣውን ኃይል ልክ አበጅቶ ለባትሪው የሚያቀብለው መዳፍ የምታክል ጥርሳም ብረት፣ ሬጉሌተር የሚሏት፣ ሞታለች። ለወጣት። በአራተኛው ቀን ሞተሩ ተመለሰ። አሁን ደግሞ በረሃብ ሳይሆን በጥጋብ፤ ባትሪው ፈልቶ፣ የፊት አምፖሉ ተቃጥሎ። አዲሷ ሬጉሌተር ኃይሉን ሳትገድብ ለቃዋለች ማለት ነው። ሌላ ለወጠ። ይኸው ዛሬ እንደገና።

«የስምሪት ኃላፊው ምን እንዳለኝ ልንገርዎት» አለች አዋላጇ። «‹ሦስት ጊዜ የተበላሸ ሞተር በሽታው ከራሱ ነው፤ ነገ ጠዋት ምክንያቱ በወረቀት ተጽፎ ሞተሩ በራሱ ጎማ ካልወጣ ቁልፉን ለመጋዘን አስረክቢ› አለኝ። መጋዘን የገባ ነገር ሲወጣ አይተው ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። ከጋራው ማዶ ቀናቸው የደረሰ አራት ሴቶች አሉኝ። በእግሬ ልሂድ ብል አንዷ ጋ ስደርስ ሌላዋ ትወልዳለች።»

መጋዘኑን የማያውቅ የለም። ከአጥሩ ውጭ ለሚያልፍ ሁሉ ይታያል፦ ጎማው ተንፍሶ ሆዱ መሬት የነካ አምቡላንስ፣ ከነላስቲኩ የዛገ አልጋ፣ ሣር የበቀለበት የውሃ ፓምፕ። ሁሉም የገባው በሪባንና በጭብጨባ ነው፤ የሚበሰብሰው ግን በዝምታ። በአንድ ፊውዝ ምክንያት የቆመን መኪና «ከአገልግሎት ውጭ» ብሎ ለመጻፍ አምስት ሰው ይፈርማል። ፊውዙን ለመቀየር የሚፈርም አንድ ሰው ጠፍቶ ነው ይሄ ሁሉ።

ጋሽ ጆሮ ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የከባድ መኪና ጋራዥ ውስጥ ጎማ እያንከባለለ የጀመረ ሰው ነው። መጽሐፍም ትምህርት ቤትም አላገኘም፤ ያገኘው ጆሮውን ነው። በመንገድ የሚያልፍ መኪና ሰምቶ «የዚህ ሰውዬ ቺንጋ እስከ ከሰዓት አይቆይለትም» ይል ነበር፤ እውነትም ከሰዓት መኪናው ተጎትቶ ይመጣል። ደንበኛ ሞተሩን ሲያስነሳ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። አንዳንዱ ደንበኛ ጸጥታ እንዳይሰበር ሳሉን እንኳ ይውጠዋል። ከስድስት ዓመት በፊት የገዛት የቮልት መለኪያ ግድግዳው ላይ ሚስማር ላይ ተሰቅላ፣ በላስቲክ ተጠቅልላ ትኖራለች። «እሷ ቁጥር ለሚያምኑ ሰዎች ናት» ይላል፤ የባትሪ ሥራ ሲመጣበት ብቻ ያወርዳታል።

ከአለቃው የወረሰው አንድ ሥርዓት አለው። ሥራው ሲያልቅ፣ ሞተሩ እየሠራ ሳለ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ይነቅላል። ሞተሩ ካልጠፋ ዲናሞው ራሱን ችሏል። ከጠፋ ደግሞ ዲናሞው የባትሪ ጥገኛ ነው፣ እንደገና ይፈታል። «ዲናሞ ማለት እንደ ጎረምሳ ነው፤ ከናቱ ጉያ አውጥተህ ካላየኸው ወንድ ይሁን አይሁን አታውቅም» ይል ነበር አለቃው። ጋሽ ጆሮም ይህን ሳያደርግ ከግቢው ያስወጣው ሞተር የለም። ማኅተሙ ነው።

«እስቲ ልጠይቅሽ» አለ አሁን። «በውሃ ታጥቢዋለሽ?»

«የምጠጣውም አላገኘሁ።»

«ስልክሽን ትሰኪበታለሽ?»

«ስልኬ ባለ ቁልፍ ነው። ሳምንት ይቆያል።»

«መንገዱ ይመታዋል?»

«መንገዱማ እኔንም ይመታኛል። እኔ ግን አልፈላሁም።»

ከመጋረጃው ማዶ የስፌት መኪና ቆመ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የእሷ ክፍልና የእሱ ጋራዥ አንድ መጋረጃ ነው የሚለያቸው። «አንተ ሰውዬ» አለች ድምፅዋ፣ «ልጅቷን ወንጀለኛ አስመሰልካት እኮ። ደግሞስ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስክም። መጀመሪያ ራስህን ቻርጅ አድርግ።»

«እስቲ ተይኝ።»

«ትቼህማ ነው እዚህ የደረስከው» አለችና መኪናዋን ቀጠለች።

እውነቱን ለመናገር ጋሽ ጆሮ ያልጠረጠረው ነገር አልነበረም። መጀመሪያ የጠረጠረው ዕቃ ሻጩን ነው። ሰውዬው ለሚሸጠው ሁሉ «ኦርጅናል ነው» ብሎ ስለሚምል ስሙ ራሱ ኦርጅናል ሆኗል። ባለፈው ሳምንት ጋሽ ጆሮ ሱቁ ድረስ ሄዶ፣ የተቃጠለችውን ሬጉሌተር ደንበኛ በተሰበሰበበት ባንኮኒው ላይ ወረወራት።

«ይሄ ኦርጅናል ከሆነ እኔ ፓይለት ነኝ» አለው።

ኦርጅናል አልተቆጣም። ብረቷን አገላብጦ አየና «ከዚሁ ካርቶን ሃያ ሸጫለሁ፤ አንድ ሰው አልመለሰልኝም። አንተ ጋ ብቻ የምትነደው ምን አስቀይመሃት ነው?» አለ። ሱቁ በሳቅ ተሞላ። ጋሽ ጆሮ ሳቁን ሰማ፤ ጥያቄውን ግን አልሰማም። ያ የተመሰገነ ጆሮ መስማት ያልፈለገውን ሲሰማ አይታወቅም።

አዋላጇ ከሥራ ቦታዋ ያመጣችውን አዲስ ባትሪ ጋሽ ጆሮ አሰረ፤ ያን ቀን ከኦርጅናል ደርቦ የወሰዳትን ሦስተኛዋን ሬጉሌተርም ገጠመ። ከዚያ ምርመራውን ከሥሩ ጀመረ። ከዲናሞው የሚመጡትን ሦስት ቢጫ ሽቦዎች አንድ በአንድ ለካቸው፤ ሦስቱም እኩል ናቸው፣ አንዱም ከሞተሩ አካል ጋር አልተነካካም። ማያያዣውን ከፍቶ አሸተተ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ አይሸትም። ሬጉሌተሯ የታሰረችበትን ቡሎን ፈትቶ ከሥሩ ያለውን ቀለም ብረቱ እስኪያበራ ፋቀው። ፊውዙ ደህና ነው። ሞተሩ ሳይነሳ ባትሪው አሥራ ሁለት ነጥብ ሰባት ነው። አስነሳው፤ አሥራ አራት ነጥብ ሁለት። ጋዝ ሰጠው፤ አሥራ አራት ነጥብ ሁለት። ከአሥራ ሦስት ቢያንስ ባትሪው ይራባል፣ ከአሥራ አምስት ቢያልፍ ይፈላል። ይሄ ከሁለቱም መሀል በልኩ የተቀመጠ ነው፣ በመስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ጤና።

ግራ ያጋባው ይሄው ጤናው ነው። ባለፈውም አሥራ አራት ነጥብ ሁለት ነበር። ከዚያ በፊትም። ከዚህ በር ሲወጣ ጤነኛ ነው፤ ማዶ ሲደርስ ያብዳል። ጋሽ ጆሮ ሞተሩን ሁለቴ ዞረው። በርከክ ብሎ ከሥሩ አየ። ምን እንደሚፈልግ ስላላወቀ ምን እንዳላገኘም አላወቀም። የተበላሸ ነገር መጠገን ይችላል፤ ያልተበላሸን ነገር ግን በየት በኩል ይጀምሩታል?

«ጨረስኩ» አለ በመጨረሻ፣ እንደተሸነፈ ሰው። ሞተሩን ሳያጠፋ መለኪያዋን ወደ ላስቲኳ ሊመልስ እጁን ዘረጋ።

«አይሆንም» አለች አዋላጇ። «ዛሬ ቁጥሩን እኔ ራሴ እስከ መጨረሻው ሳላየው አልሄድም። ሁለት ጊዜ ‹ደህና ነው› ብለውኝ ሁለት ጊዜ ገፍቻለሁ።»

«ታዲያ እይዋ፣ ማን ከለከለሽ። ቀዩን ሽቦ ፖዘቲቩ ላይ ያዢ። ጥቁሩን እዚህ የሞተሩ አካል ላይ፣ በኔጋቲቩ በኩል ለእጄ ቦታ ያስፈልገኛል።»

ሞተሩ አጠገብ ዝቅ ብላ ተቀመጠችና መለኪያዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ያዘች። «አሥራ አራት ነጥብ ሁለት» አለች። «አሥራ አራት ነጥብ ሁለት። አሥራ አራት ነጥብ አንድ። አሥራ አራት ነጥብ ሁለት።»

ጋሽ ጆሮ ዓይኑን ጨፈነ። አንገቱን ዘንበል አደረገ። በፒንሳው የኔጋቲቩን ገመድ ነቀለ። ሞተሩ አንዴ አነቀውና ጉሮሮውን ጠርጎ ቀጠለ። ፊቱ ፈታ አለ። «ሰማሽው? አልጠፋም። ዲናሞው ጎበዝ ነው።»

«ስድሳ ሰባት» አለች።

«እ?»

«ስድሳ ሰባት አለ። አሁን አርባ። አይ፣ ሃምሳ ምናምን። አይቆምም፣ እየዘለለ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራትም ጠፋች።»

ዓይኑን ገለጠ። ገመዱን በጥድፊያ መልሶ ነካው፤ ትንሽ ብልጭታ ዘለለች። «አሁንስ?»

«አሥራ ሰባት ነጥብ ሦስት።»

«አሥራ አራት በይ እንጂ።»

«እኔ ልበል ወይስ የተጻፈውን ላንብብ?»

ሞተሩን አጠፋው። ጋራዡ ጸጥ ሲል የስፌት መኪናውም አብሮ ቆመ። «እጅሽ ተንሸራቶ ይሆናል» አለ።

«የኔ እጅ አይንሸራተትም፤ ሥራዬ ነው።»

መለኪያዋን ተቀብሏት ጥግ የነበረ የመኪና ባትሪ ላይ ሞከራት። ልክ ናት። ሞተሩን እንደገና አስነሳው፤ አሥራ ሰባት ነጥብ ሦስት፣ ጋዝ ሲጨምር አሥራ ስምንት። አጠፋው። አስነሳው። አጠፋው። ቅድም ጤነኛ የነበረው በሽተኛ ሆኗል፤ በመካከል የተፈጠረ ነገር ደግሞ የለም። ዝናብ አልዘነበም፣ መንገድ አልሄደም፣ ሰው አልነካውም። ማንም አልነካውም። እሱ ብቻ። እጁን አየ። ፒንሳውን አየ። ከፒንሳው ወደ ገመዱ፣ ከገመዱ ወደ ቁጥሩ፣ እንደገና ወደ እጁ። የሆነ ነገር እንደሚመጣበት ያውቃል፤ ከየት በኩል እንደሚመጣ ግን አልገባውም፤ ስለዚህ ጠበቀው።

«ይሄን ገመድ ሁልጊዜ ነው የሚነቅሉት?» አለች።

«ሠላሳ አንድ ዓመት።»

«ሲነቅሉት ቁጥሩን አይተውት ያውቃሉ?»

«ቁጥሩን ምን ላድርገው? የማዳምጠው እኮ...» ለካ ሁልጊዜ ለክቶ ነው የሚነቅለው። ነቅሎ ለክቶ አያውቅም። ማኅተም ከተመታ በኋላ ማን ያነባል?

ሞተሩ አጠገብ በርከክ አለና ለራሱ እንደሚናገር ቀስ ብሎ አወራ። «ባትሪው ነው የሚውጠው። ዲናሞው ያመርታል፣ ባትሪው ይውጣል። ባትሪውን ሲነቅሉበት ኃይሉ መግቢያ ያጣል። ያን ጊዜ ያገኘው ላይ ይዘላል። ያገኘውም እሷን ነው።» ሬጉሌተሯን በጣቱ ነካት፤ ትኩስ ነበረች። «አለቃዬ ያስተማረኝ በድሮ ከባድ መኪና ላይ ነው። የዚያ ዲናሞ ወፍራም ብረት ነበር፣ ቢመታም አይሰማውም። ይቺ ቆዳዋ ስስ ነው።»

«እኛ ጋ እትብት ሳይታሰር አይቆረጥም» አለች አዋላጇ።

«እሱ ሌላ ነው።»

«ሌላ ነው። ግን አይቆረጥም።»

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል። ዶሮዋስ የሞተችው ለራሷ ነው። ሰው ግን አለቃው ያለውን ሳይጠይቅ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲደግም የሚታነቀው ሌላ ነው፤ በጨለማ መንገድ ላይ መብራቱ የጠፋበት፣ በዝናብ ውስጥ ሞተሩ የቆመበት፣ ምጥ ላይ ሆና አዋላጅ የምትጠብቅ። «የለመደ እጅ አይሳሳትም» የሚሉ አሉ። የለመደ እጅ ስህተቱንም ይለምደዋል። አላውቅም ማለት ጥርስ የሚያወልቅ ይመስል፣ አንድ ሰው ሦስት ብረት አቃጥሎ ሻጩን ሰደበ፣ መንገዱን ከሰሰ፣ ልጅቷን ሞተር በማጠብ ጠረጠረ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች።

ጋሽ ጆሮ ከዚህ ያነሰ አላለም ለራሱ። ከዚያ ተነስቶ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «መጣሁ» አለ።

«የት ነው?»

«የሰደብኩት ሰው ጋ።»

የኦርጅናል ሱቅ ሦስት ሰው ነበረበት። ጋሽ ጆሮ ሰዎቹ እስኪወጡ መድረኩ ላይ ቆሞ ለመጠበቅ አሰበ፤ ኦርጅናል ግን ቀድሞ አየው።

«ካፒቴን!» አለ። «በረራው እንዴት ነበር?»

«አንድ ሬጉሌተር ስጠኝ።»

«ሦስተኛዋስ?»

«ነደደች።»

«አሁንም የኔ ዕቃ ነው?»

ጋሽ ጆሮ የባንኮኒውን መስታወት አየ። «የኔ እጅ ነው» አለ። «ሞተሩ እየሠራ ባትሪ ስነቅል ነው የማቃጥላቸው። ዕቃህ ደህና ነው።»

«ትንሽ ጮክ በል፣ እኚህ ሰውዬ ጆሯቸው ይከብዳቸዋል።»

«ዕቃህ ደህና ነው አልኩ። ባለፈው በሰው ፊት የሰደብኩህን በሰው ፊት መልሼዋለሁ።»

ኦርጅናል ሊቀጥል የነበረውን ቀልድ ተወው። ከመደርደሪያው ካርቶን አውርዶ ሬጉሌተሯን ሰጠውና ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔ ራሴ አላውቅም ነበር» አለ። «ለሚጠይቀኝ ሰው ባትሪውን ነቅለህ ሞክር እያልኩ ነው የምሸጠው።» አለማወቃቸው ሳይስማሙ የተስማሙበት የመጀመሪያ ነገር ነበር።

አራተኛዋ ገባች። አዋላጇ ሽቦዎቹን ያዘች፣ እሱ ጋዝ ሰጠ። አሥራ አራት ነጥብ ሁለት። መብራት ሲበራ አሥራ አራት ነጥብ ዜሮ። ሩብ ሰዓት ሙሉ አሠራው፤ ቁጥሩ ከቦታው አልተነቃነቀም። ከዚያ ቀኝ እጁ ማንም ሳያዘው ወደ ኔጋቲቩ ገመድ ሄደ። ፒንሳው ገመዱን ሊነካ አንድ ጣት ሲቀረው አየው። አዋላጇም አየችው። ፒንሳውን አስረከባት።

«ያዢልኝ» አለ። «እስክትወጪ ድረስ።»

የቀረው ወረቀቱ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ቅጽ ላይ «የብልሽቱ ምክንያት» የሚል መስመር አለ። ባለፈው ሁለት ጊዜ ጋሽ ጆሮ «ጥራት የጎደለው ዕቃ» ብሎ ሞልቶታል። አሁንም እንደዚያ ቢጽፍ ሞተሩ ሦስት ጊዜ ያለምክንያት የተበላሸ ሆኖ ወደ መጋዘን ይሄዳል። እውነቱን ቢጽፍ ሞተሩ ይድናል፤ የመሥሪያ ቤቱ ሥራ ግን ከእሱ ጋራዥ ይወጣል። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። አዋላጇ ስክሪብቶውን ሰጥታው ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ልትጫነው አልፈለገችም፤ ልትምረውም አልፈለገችም።

ጋሽ ጆሮ የባትሪ ካርቶን ላይ ወረቀቱን አንጥፎ ረጅም ጊዜ ፈጅቶ ጻፈ፦ «ሞተር ሳይክሉ ጤነኛ ነው። ሦስቱንም ሬጉሌተር ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፤ ሞተሩ እየሠራ ባትሪ በመንቀል።» ፈረመ። ሚስቱ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ በትከሻው በኩል አነበበች።

«‹ነኝ› የሚለውን አሳንሰኸዋል» አለች።

«ቦታው ጠቦ ነው።»

«እሺ፣ ቦታው ነው» አለችና የያዘችውን ሻይ አጠገቡ አስቀመጠችለት።

በማግስቱ ጠዋት አዋላጇ ጋራውን ተሻገረች። በሳምንቱ መሥሪያ ቤቱ የጋሽ ጆሮን ጋራዥ ከዝርዝሩ የሰረዘበት ደብዳቤ ደረሰ፤ ማኅተሙ የጎላ፣ ቋንቋው የተለሰለሰ። በዝርዝሩ ላይ የቀሩት በየወሩ «ጥራት የጎደለው ዕቃ» እያሉ የሚሞሉት ናቸው። የስምሪት ኃላፊውን ለምን እንደሆነ የጠየቀው የለም። እውነት የጻፈ አንድ ሰው ተገኝቶ እሱኑ አባረሩትና ሥራ ሠራን ብለው ፋይሉን ዘጉ።

ጋሽ ጆሮ ደብዳቤውን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። እሱን ያሳሰበው ሌላ ነው። ባለፈው ወር ስንት ሞተር አወጣ? ባለፈው ዓመትስ? የመጡትን ያስታውሳል፤ ያልተመለሱት ግን ድነው ነው ያልተመለሱት ወይስ እሱን ረግመው ሌላ ጋ ሄደው? ቁጥሩ አልያዝ አለው። ከሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ የድሮው ዲናሞ የት ላይ አልቆ አዲሱ የት ላይ እንደጀመረ መለየት አቃተው። ለአለቃው ሊቆጣ ይሞክራል፤ አለቃው በዘመኑ ትክክል ነበር። ለራሱ ሊቆጣ ይሞክራል፤ ከየትኛው ቀን እንደሚጀምር አያውቅም።

መለኪያዋን ከሚስማሩ አውርዶ፣ ላስቲኳን ጥሎ፣ መንገዱ ዳር ወጥቶ ቆመ። ከኋላው ዳቦ የተደረደረበት ቅርጫት የጫነ ሞተር ሳይክል ሲመጣ እጁን ዘረጋ። ዳቦ አዳዩ አቆመ።

«ምነው ጋሽ ጆሮ፣ ዳቦ ልስጥህ?»

«ኮርቻህን አንሳልኝ። ባትሪህን ልየው።»

«ደህና ነው እኮ። ባለፈው ጊዜ አንተ ራስህ አይደለህ የሠራኸው?»

«ለሱ ነው» አለ ጋሽ ጆሮ።

ዳቦ አዳዩ ግራ ገብቶት ትንሽ አየው፤ «ስመለስ» ብሎ ማርሹን አስገባ። ጋሽ ጆሮ አንገቱን ዘንበል አድርጎ የሚርቀውን ድምፅ አዳመጠ። ምንም አልነገረውም። የመለኪያዋን ሽቦዎች በእጁ እንዳንጠለጠለ ዳቦ አዳዩ እስኪመለስ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።